የኑክሌር ትጥቅ ማስፈታት፦ ከፊርማው ጀርባ ያለው ቁጥጥር

የኑክሌር ቦምብን ከዓለም ለማጥፋት የሚደረገው ጥረት ዕድሜው ከቦምቡ ዕድሜ ብዙም አያንስም። ሂሮሺማና ናጋሳኪ የተመቱት እ.ኤ.አ. በኦገስት 1945 ነው (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስድስት ወር ሳይሞላ፣ በጃንዋሪ 1946፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ለንደን ላይ ተሰበሰበ። ድርጅቱ ገና የራሱ ሕንፃ እንኳን አልነበረውም። ያሳለፈው የመጀመሪያው ውሳኔ ግን የአቶሚክ መሣሪያ ከየአገሩ ትጥቅ ውስጥ እንዲወገድ መንገድ የሚፈልግ ነበር።

ውሳኔው ወረቀት ላይ ቀረ። ሶቪየት ኅብረት በ1949 የራሷን ቦምብ ሞከረች። ብሪታንያ፣ ፈረንሳይና ቻይና ተከተሉ። በ1962 የኩባ ሚሳኤል ቀውስ ዓለምን አፋፍ ላይ አደረሳት። በዓመቱ ሙከራን በአየር፣ በውኃ ውስጥና በጠፈር የሚከለክለው ስምምነት ተፈረመ።

ለዚህ ስምምነት ግፊት ያደረጉት ዲፕሎማቶች ብቻ አልነበሩም። በአሜሪካዋ ሴንት ሉዊስ ከተማ ሐኪሞች፣ ሳይንቲስቶችና እናቶች ተሰባስበው ከ1958 መጨረሻ ጀምሮ የሕፃናትን የወተት ጥርስ ማሰባሰብ ያዙ። ከሙከራው የሚረግፈው ስትሮንሺየም 90 የሚባል ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ሣሩ ላይ ያርፋል። ላሟ ሣሩን ትግጣለች፣ ልጁ ወተቱን ይጠጣል፣ ንጥረ ነገሩም አጥንቱና ጥርሱ ውስጥ ይገባል። ወላጆች የወለቀውን ጥርስ በፖስታ ይልኩ ነበር። ጥርሱን የሰጠ ልጅ ደረቱ ላይ የሚለጥፋት ትንሽ ባጅ ይላክለታል። በጊዜ ሂደት ወደ 300,000 ጥርስ ተሰበሰበ። ውጤቱም ሙከራው እየበዛ ሲሄድ በተወለዱት ልጆች ጥርስ ውስጥ የስትሮንሺየሙ መጠን በጣም መጨመሩን አሳየ።

የዛሬው ሥርዓት ምሰሶ በ1968 ለፊርማ ቀርቦ በ1970 ሥራ ላይ የዋለው የኑክሌር መሣሪያ እንዳይስፋፋ የሚከለክለው ስምምነት ነው። ውሉ የሰጥቶ መቀበል ውል ነው። ቦምብ የሌላቸው አገሮች እንዳይሠሩ ቃል ገቡ። አምስቱ ባለ ቦምቦች ደግሞ በአንቀጽ 6 ትጥቅ ለመፍታት በቅን ልቦና እንደሚደራደሩ ቃል ገቡ። ሕንድ፣ ፓኪስታንና እስራኤል አልፈረሙም፤ ሰሜን ኮሪያ በ2003 ወጣሁ አለች። በእኔ እምነት ትልቁ ስብራት ግን አምስቱ ራሳቸው የገቡትን ቃል አለመፈጸማቸው ነው። ሌላው ዓለም በዚህ ቢማረር አይፈረድበትም።

እንደዚያም ሆኖ ብዙ ተሠርቷል። በ1980ዎቹ አጋማሽ በዓለም ላይ 70,000 ያህል የኑክሌር አረሮች ነበሩ። ዛሬ 12,000 አካባቢ ናቸው። ለውጡ የመጣው አገሮች አንዱ የሌላውን ግቢ ገብቶ እንዲያይ ሲፈቅዱ ነው። በ1987 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሬገንና የሶቪየቱ መሪ ጎርባቾቭ የመካከለኛ ርቀት ሚሳኤሎችን የሚያጠፋውን ውል ሲፈርሙ፣ ሬገን «እመን፣ ግን አጣራ» የሚለውን የሩሲያ ተረት ጠቀሰ። ጎርባቾቭም «በተገናኘን ቁጥር ይህንኑ ትደግማለህ» ብሎ አሳቀ። በውሉ መሠረት 2,692 ሚሳኤሎች ተቆጣጣሪ ቆሞ እያየ ወደሙ። ደቡብ አፍሪካም ስድስት ቦምቦቿን ራሷ ፈታ፣ በ1993 ለዓለም ተናገረች፤ የዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ሰዎች ገብተው መዝገቦቿን አገላብጠው አረጋገጡ።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን ሩሲያና አሜሪካ በ1993 የተስማሙበት ነው። በከፍተኛ ደረጃ የበለጸገ 500 ቶን የሩሲያ የቦምብ ዩራኒየም እንዲቀጥን ተደርጎ ለአሜሪካ የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች ተሸጠ። ይህ ከ20,000 ያህል አረሮች የሚወጣ መጠን ነው። ለሃያ ዓመት ያህል ከአሜሪካ መብራት አንድ አሥረኛው የመጣው ከዚህ ነበር።

በ2017 ደግሞ 122 አገሮች የኑክሌር መሣሪያን ጨርሶ የሚያግድ ውል አጸደቁ። በ2021 ሥራ ላይ ዋለ። ከባለ ቦምቦቹ አንድም አገር አልገባበትም። ማንኛውንም ሙከራ የሚያግደው የ1996ቱ ስምምነትም እስካሁን በሥራ ላይ አልዋለም። ያም ሆኖ ሙከራን ለመከታተል የተቋቋሙት የስምምነቱ የመቆጣጠሪያ ጣቢያዎች የምድርን ንዝረት፣ የባሕርን ድምፅና የአየርን ብናኝ ሌት ተቀን ያደምጣሉ፤ የሰሜን ኮሪያን ስድስቱንም ሙከራዎች ይዘዋል።

አሳሳቢው የአሜሪካና የሩሲያ ነገር ነው። በ2010 የፈረሙት ውል እያንዳንዳቸው ከ1,550 በላይ አረር እንዳያሰማሩ ይገድብ ነበር። በዓመት እስከ 18 ጊዜ አንዱ የሌላውን ጦር ሰፈር ይፈትሽ ነበር። ፍተሻው በ2020 በወረርሽኙ ምክንያት ቆመ። በ2023 ሩሲያ ውሉን አገድኩ አለች። ከ2020 ወዲህ አንዱ የሌላው ሰፈር ገብቶ አረር የቆጠረ ተቆጣጣሪ የለም።