ወረቀት አልባ የባንክ መግለጫ ምንድን ነው? ለግብር ማስረጃነትስ እንዴት ይያዛል?

ወረቀት አልባ የባንክ መግለጫ ማለት ባንኩ በደንበኛው ሂሳብ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ የገባውን፣ የወጣውንና የቀረውን ገንዘብ በወረቀት አትሞ ማህተም ከመምታት ይልቅ፣ በኤሌክትሮኒክ ፋይል አዘጋጅቶ በኢሜይል ወይም በሞባይል መተግበሪያው በኩል የሚያደርሰው ዝርዝር ነው። በባንክ መስኮት «ስቴትመንት» እየተባለ የሚጠየቀው ሰነድ ይኸው ነው። ቀኑ፣ የማጣቀሻ ቁጥሩ፣ የዝውውሩ ምክንያት፣ ወጪው፣ ገቢውና ቀሪ ሂሳቡ በወረቀቱ ላይ እንደሚሰፍሩት ሁሉ በፋይሉም ላይ ይሰፍራሉ። ስለዚህ ለግብር ከፋዩ የሚለወጠው የሰነዱ ይዘት ሳይሆን፣ ሰነዱን በጊዜው አውጥቶ የማስቀመጡ ሥራ በማን ላይ እንደሚወድቅ ነው።

ይህ ነጥብ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ነጋዴው «ሁሉም በስልኬ ላይ አለ» ሲል አብዛኛውን ጊዜ መተግበሪያው የሚያሳየውን የቅርብ ጊዜ እንቅስቃሴና ከባንኩ የደረሱትን አጫጭር የጽሑፍ መልዕክቶች ማለቱ ነው። መልዕክቶቹ ስልኩ ሲጠፋ ወይም ሲቀየር አብረው ይሄዳሉ፤ መተግበሪያው የሚያሳየው ዝርዝርም ባንኩ በወሰነው ጊዜ የተገደበ ሊሆን ይችላል። መግለጫው የግብር ከፋዩ ሰነድ ሆነ የሚባለው ፋይሉ ወርዶ፣ እርሱ በሚቆጣጠረው ቦታ፣ በኋላ ሊከፈት በሚችል መልክ ሲቀመጥ ብቻ ነው።

ጅማ ላይ ወረቀትን የሙጥኝ ማለትም የራሱ ጣጣ አለው። ክረምቱ ረጅምና እርጥብ በሆነበት ከተማ፣ ሂርማታ መርካቶ ካሉት ሱቆች በአንዱ ጓዳ በካርቶን ተከምሮ የተቀመጠ ደረሰኝ ሻጋታ ሳይነካው ዓመታትን መዝለቁ ያጠራጥራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ካሽ ሬጅስተር ከምንለው የሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የሚወጣው ደረሰኝ ነው። ይህ ደረሰኝ የሚታተመው በቀለም ሳይሆን ሙቀት በሚያጠቁረው ልዩ ወረቀት ላይ በመሆኑ፣ ፀሐይ ካገኘው ወይም ሞቃት ቦታ ከዋለ ጽሑፉ እየደበዘዘ ይሄድና በመጨረሻ ምንም የማይነበብበት ቁራጭ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ደረሰኝ በተቀበሉበት ቀን ስካን ማድረግ ወይም በስልክ ጥርት አድርጎ ፎቶ ማንሳትና ዋናውንም ከብርሃን አርቆ ማስቀመጥ፣ መግለጫውን ወረቀት አልባ ከማድረግ ተነጥሎ የማይታይ ሥራ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የፌዴራል የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 ግብር ከፋይ ሰነዶቹን በአማርኛ ወይም በእንግሊዝኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ፣ የግብር ዕዳው በቀላሉ ሊታወቅ በሚችልበት አኳኋን እንዲይዝ ያዝዛል። የማቆያ ጊዜውም በንግድ ሕጉ የተወሰነው ጊዜ ወይም ሰነዱ የሚመለከተው የግብር ማስታወቂያ ከቀረበበት ቀን ጀምሮ የሚቆጠር 5 ዓመት ሲሆን፣ ከሁለቱ የሚረዝመው ይጸናል። የ1952ቱ የንግድ ሕግ የሂሳብ መዛግብት ለ10 ዓመት እንዲቆዩ ያዝዝ ስለነበር፣ በሂሳብ ሠራተኞች ዘንድ «አሥር ዓመት» የሚለው ልማድ ሥር ሰድዷል። በእኔ አስተያየት ልማዱ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ አንደኛ ፋይል ቦታ አይፈጅም፣ ሁለተኛ ደግሞ ማጭበርበር ወይም ከባድ ቸልተኝነት አለ በተባለ ጊዜ አዋጁ የግብር ስሌቱ በማናቸውም ጊዜ እንዲሻሻል ስለሚፈቅድ፣ አምስት ዓመት አልፏል ብሎ ሰነድ መጣል ራስን ያለ መከላከያ ማስቀረት ነው። በግል ስሙ የሚነግድ የጅማ ነዋሪ በአብዛኛው የሚገናኘው ከኦሮሚያ ክልል ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጋር እንደሆነ፣ ክልሉም የራሱን የግብር ሕግ እንደሚያወጣና በአፋን ኦሮሞ እንደሚሠራ ልብ ሊባል ይገባል፤ ስለዚህ ዝርዝሩን በዚያው ጽሕፈት ቤት ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሰነድ ያጣ ሰው የሚገጥመው ነገር ነጋዴው ሁሉ በሚፈራው «ግምት» በሚለው ቃል ይጠቃለላል። መዝገብ ካልቀረበ ወይም ተቀባይነት ካጣ የግብር ባለሥልጣኑ ባለው መረጃ ላይ ተመሥርቶ ግብሩን በግምት ሊወስን ይችላል፤ ውሳኔው ስህተት ነው ብሎ የማስረዳት ሸክምም በግብር ከፋዩ ላይ ነው። ሰነድ ባለመያዝ ብቻ ደግሞ የፌዴራሉ አዋጅ ለዚያ የግብር ዘመን ከሚከፈለው ግብር 20 በመቶ የሆነ መቀጫ አስቀምጧል።

ወረቀት አልባው መግለጫ በሕግ ፊት ይጸናል ወይ የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው ምላሽ አግኝቷል። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 አንድ መረጃ በኤሌክትሮኒክ መልክ በመሆኑ ብቻ ሕጋዊ ውጤት ሊነፈገው እንደማይገባ ይደነግጋል። ከዚህ መርህ የሚከተለው የአያያዝ ጥያቄ ነው፦ ፋይሉ በኋላ ተከፍቶ መነበብ አለበት፣ በመጣበት መልክ ሳይነካካ መቆየት አለበት፣ ከማን እንደመጣና መቼ እንደደረሰም መታወቅ አለበት። በዚህ ሚዛን ሲታይ ከባንኩ በኢሜይል የመጣ ፒዲኤፍ ከነኢሜይሉ ሲቀመጥ ጠንካራ ማስረጃ ነው፤ የስልክ ስክሪን ቅጂ ግን ደካማ ነው፤ ወደ ኤክሴል ተገልብጦ የተስተካከለው ደግሞ ለሥራ የሚጠቅም ቢሆንም የባንኩ ሰነድ መሆኑ ቀርቷል። ይህም ሆኖ አንዳንድ የግብር መርማሪዎች ማህተም ያለበት ወረቀት ይጠይቃሉ። እንዲህ ሲሆን ከመከራከር ይልቅ የተጠየቀውን ጊዜ ብቻ ከቅርንጫፉ አሳትሞ ማህተም ማስመታት ይሻላል፤ ለየገጹ ክፍያ ሊጠየቅ ስለሚችል የአሥር ዓመቱን በሙሉ ማሳተም ግን አይመከርም።

አሁን አንዲት መስመር ቀረብ ብለን እንመልከት። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ መልዕክቶችና መግለጫዎች ላይ የዝውውር ማጣቀሻው «ኤፍቲ» በሚሉ ፊደላት ይጀምራል፤ ቀጥለው ከሚመጡት አምስት አኃዞች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የአውሮፓን ዓመት፣ ሦስቱ ደግሞ ቀኑ በዚያ ዓመት ስንተኛ እንደሆነ ያመለክታሉ። ለምሳሌ «ኤፍቲ25189» ብሎ የሚጀምር ማጣቀሻ በ2025 እ.ኤ.አ. 189ኛውን ቀን፣ ማለትም ጁላይ 8ን ያሳያል። ጁላይ 8 በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 1 ነው፤ ስለዚህ ይህ ዝውውር የ2018 በጀት ዓመት በተጀመረበት በሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. የተፈጸመ ነው። ከእርሱ በአንድ ቀን የሚያንሰው 25188 ግን ሰኔ 30 ላይ ስለሚውል የሚገባው ያለፈው ዓመት ሂሳብ ውስጥ ነው።

እዚህ ላይ የቆየሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በተግባር ብዙ መግለጫ የሚበላሸው በዘመን አቆጣጠር ምክንያት ነው። የባንክ መግለጫ ቀኑን የሚጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ሲሆን፣ የግብር ዘመኑ በአብዛኛው ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ነው። መግለጫውን «ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር» ብሎ ያወጣ ሰው ሁለት የግብር ዓመታትን ከግማሽ እየቆረጠ አንድ ላይ አጣብቋል፤ «ከጁላይ 1» ብሎ ያወጣው ደግሞ የሰኔን የመጨረሻ ሰባት ቀናት ወደማይገባቸው ዓመት አስገብቷል። ትክክለኛው ጥያቄ ከጁላይ 8 እስከ ቀጣዩ ዓመት ጁላይ 7 ነው፤ ሐምሌ 1 በየዓመቱ ጁላይ 8 ላይ ስለሚውል ይህን አንድ ጊዜ መያዝ ይበቃል። ሰዓቱንም ማየት ደግ ነው፤ ባንኩ ቀኑን የሚቀይረው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ በመሆኑ፣ ሰኔ 30 ሌሊት ከስድስት ሰዓት በኋላ የተላከ ብር ሐምሌ 1 ላይ ተመዝግቦ ሊገኝ ይችላል።

ከቀኑ ቀጥሎ የሚመጣው፣ ምናልባትም ዋናው ጉዳይ፣ መግለጫው የማይናገረው ነው። መግለጫ ገንዘብ መግባቱን እንጂ ለምን እንደገባ አይናገርም። በጅማው ፈረንጅ አራዳ ሠፈር የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ አንድ ነጋዴ በሂሳቡ 400,000 ብር ቢገባ፣ መርማሪው የሚያየው «ገቢ» በሚለው ዓምድ ሥር የተጻፈ ቁጥር ነው። ገንዘቡ የዕቁብ ዕጣ ሊሆን ይችላል፤ ከወንድም የተወሰደ ብድር፣ ወይም ነጋዴው ራሱ ከሌላ ባንክ ያዛወረው ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ አንዱም የሽያጭ ገቢ አይደለም፤ ነገር ግን ማስረጃ ካልተያያዘለት እንደ ሽያጭ ቢቆጠር የሚደንቅ አይሆንም። ዕቁብ በባሕርዩ በመተማመን የሚኖር ማኅበር ስለሆነ ሰው ጽሑፍ መጠየቅ ያሳፍረዋል፤ ቢሆንም ዕጣው የወጣበትን ቀንና የገንዘቡን መጠን የሚገልጽ፣ ጸሐፊውና ሰብሳቢው የፈረሙበት አንድ ገጽ ይቅርታ የሚያስጠይቅ አይደለም። ዝውውር ሲፈጸምም በምክንያት ቦታው ላይ ባዶ ከመተው ወይም «ክፍያ» ብሎ ከማለፍ ይልቅ «የዕቁብ ዕጣ»፣ «ብድር መመለስ»፣ «የሲሚንቶ ዋጋ» ብሎ መጻፍ ከዓመት በኋላ ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል።

በወጪ በኩልም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። መግለጫ ደረሰኝን አይተካም። ገንዘቡ ከሂሳብ መውጣቱ ክፍያ መፈጸሙን ያሳያል፤ ወጪው ለንግዱ የተደረገና ተቀናሽ የሚሆን መሆኑን የሚያስረዳው ግን የሻጩ ስምና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ያለበት ደረሰኝ ነው። በጅማ ዙሪያ ቡናና ማር የሚሰበስብ ነጋዴ እዚህ ላይ ይቸገራል፤ ገበሬው ደረሰኝ አይቆርጥም። መፍትሔው በገቢዎች ፈቃድ የታተመ የግዥ ሰነድ ላይ የሻጩን ስም፣ ቀበሌ፣ መጠንና ዋጋ አስፍሮ ማስፈረም ሲሆን፣ ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ከተላከ የማጣቀሻ ቁጥሩን በሰነዱ ጥግ ላይ መጻፍ ሁለቱን ማስረጃዎች ያገናኛል። ገንዘቡ በጥሬው ከወጣ መግለጫው የሚያሳየው ወጪ ማድረግን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታሪክ የሚናገረው የግዥ ሰነዱ ብቻ ነው።

የግልና የንግድ ሂሳብን መለየት ይህን ሁሉ ያቃልላል። የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ፣ የሠርግ መዋጮና የሱቅ ሽያጭ በአንድ መግለጫ ከተደባለቁ፣ ሂሳብ ሠራተኛው የሚያስከፍለው የመለየቱን ጉልበት ጭምር ነው።

አቀማመጡን በተመለከተ ውስብስብ ነገር አያስፈልግም። ለእያንዳንዱ በጀት ዓመት አንድ ማኅደር ተከፍቶ፣ መግለጫው በየወሩ መጀመሪያ ወርዶ፣ ስሙ በባንኩና በወሩ ተሰይሞ፣ የዚያ ወር ደረሰኞች ቅጂም በማጣቀሻ ቁጥራቸው ተጠርተው አብረውት ቢቀመጡ በቂ ነው። ፋይሉ በይለፍ ቃል የተቆለፈ ከሆነ ቃሉ ለብቻው ይጻፍ፤ ከዓመታት በኋላ ያልተከፈተ ፒዲኤፍ ከጠፋ አይሻልም። ብዙዎች ሰነዶቻቸውን በቴሌግራም ለራሳቸው ይልካሉ። ለጊዜው መልካም ነው፤ ብቸኛ ማስቀመጫ ሲሆን ግን አካውንቱ በጠፋ ቀን ማስረጃውም ስለሚጠፋ፣ አንድ ቅጂ ከሱቁ ውጭ ባለ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ፣ ሌላው በኢሜይል ወይም በኢንተርኔት ማከማቻ ቢሆን ይመረጣል። የደረጃ «ሀ»፣ ማለትም የከፍተኛው መደብ፣ ግብር ከፋዮች የዓመቱን ማስታወቂያ እስከ ጥቅምት 30 ስለሚያቀርቡ፣ የሰኔው መግለጫ ሐምሌ ውስጥ እንደወረደ ማስታረቁ መጀመር አለበት። ማስታረቅ ሲባል የመዝገቡን ቀሪ ሂሳብ ከመግለጫው ቀሪ ጋር ማነጻጸርና ልዩነቱን መስመር በመስመር መፈለግ ነው።

ሂሳቡን ለመዝጋት ወይም ባንክ ለመቀየር ያሰበ ነጋዴ ደግሞ ከመዝጋቱ በፊት ሂሳቡ ከተከፈተበት፣ ቢያንስ ካለፉት አሥር ዓመታት ጀምሮ ያለውን መግለጫ በሙሉ ማውጣት ይኖርበታል። ሂሳቡ ከተዘጋ በኋላ መተግበሪያው አይከፍትለትም፤ የሚቀረው መንገድ ለቅርንጫፉ በጽሑፍ ማመልከትና ምላሹን መጠበቅ ነው። የኦዲት ደብዳቤ የሚሰጠው የቀጠሮ ቀን ደግሞ ያን ያህል ላይታገሥ ይችላል።