ሳምስካራ፦ ሂንዱዎች ከጽንስ እስከ ሞት የሚፈጽሟቸው ሥርዓቶች

ሳምስካራ ሂንዱዎች አንድ ሰው ከመወለዱ አስቀድሞ ጀምረው እስከሚሞትበት ቀን ድረስ የሚፈጽሙለት የቤተሰብ ሥርዓቶች የጋራ መጠሪያ ነው። አብዛኞቹ የሚከናወኑት በቤተ መቅደስ ሳይሆን በቤት ውስጥ፣ በተቀደሰ እሳት ፊት ነው። ዝርዝራቸውም በዋናነት የሚገኘው ግሪህያሱትራ በተባሉት የቤት ውስጥ አምልኮ መመሪያዎች ውስጥ ነው።

ቁጥራቸው አከራካሪ ነው። የጋውታማ ዳርማሱትራ የተባለው ጥንታዊ የሕግ ድርሳን 40 ያደርሳቸዋል፤ ይህ ግን ልዩ ልዩ መሥዋዕቶችንም ጨምሮ ነው። ዛሬ የሚታወቀው ቁጥር 16 ሲሆን፣ ዳያናንዳ ሳራስዋቲ እ.ኤ.አ. በ1875 የመሠረተው የአርያ ሳማጅ ንቅናቄም ይህንኑ ይከተላል። 16ቱንም አሟልቶ የሚፈጽም ቤተሰብ ዛሬ እምብዛም አይገኝም።

ሦስቱ ከልደት በፊት የሚፈጸሙ ናቸው። ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ በ10ኛው ወይም በ12ኛው ቀን ስም ይወጣለታል፤ በ6ኛው ወር ገደማ የመጀመሪያ ሩዙን ይቀምሳል፤ በ1ኛው ወይም በ3ኛው ዓመት ፀጉሩ ይላጫል። በደቡብ ሕንድ ባለችው የኬረላ ግዛት ብዙ ወላጆች ሩዙን የሚያስቀምሱት ጉሩቫዩር ቤተ መቅደስ ሄደው ነው።

ከሁሉ በላይ የተጻፈለት ኡፓናያና፣ ማለትም ልጁ ለመምህር የሚሰጥበት ሥርዓት ነው። ድርሳናቱ በመደብ ለይተው ለብራህሚን (ለካህናት መደብ) ልጅ 8ኛውን፣ ለክሻትሪያ (ለተዋጊዎችና ገዢዎች) 11ኛውን፣ ለቫይሽያ (ለነጋዴዎችና ገበሬዎች) 12ኛውን ዓመት ይወስናሉ። ልጁ ተላጭቶና ታጥቦ የሣር መቀነት ይታጠቃል፣ በትር ይይዛል፤ ከግራ ትከሻው ወደ ቀኝ ብብቱ የሚወርድ ባለ ሦስት ፈትል ክር ያጠልቃል። ከዚያም ከጥንታዊው ቅዱስ የመዝሙር መጽሐፍ ከሪግቬዳ 3ኛ መጽሐፍ የተወሰደው የጋያትሪ ጸሎት በጆሮው ይነገረዋል። ከዚህ በኋላ ተማሪ ነውና ቁራሽ ለምኖ መብላት አለበት፤ በብዙ ቦታ መጀመሪያ የሚለምነው የገዛ እናቱን መሆኑ የሥርዓቱ ውብ ክፍል ነው። ከአራቱ የሕይወት ደረጃዎች፣ ማለትም ከተማሪነት፣ ከባለትዳርነት፣ ወደ ጫካ ከመገለልና ከምናኔ፣ የመጀመሪያው በዚህ ይጀምራል። የአራተኛው መደብ አባላት የሆኑት ሹድራዎች በሕግ ድርሳናቱ ከዚህ ተከልክለዋል። ማኑስምሪቲ የተባለው የሕግ ድርሳን ደግሞ ለሴት ጋብቻዋ በኡፓናያና ፋንታ ይቆጠርላታል ይላል። በጥንት ዘመን ልጃገረዶችም ክር ያጠልቁ እንደነበር የሚጠቁም፣ ሃሪታ ለተባለ ሊቅ የሚሰጥ ጥቅስ አለ፤ ልማዱ ምን ያህል የተስፋፋ እንደነበር ግን አከራካሪ ነው። አርያ ሳማጅ ክሩን ለሴቶችም ለሁሉም መደብ ፈቅዷል።

በጋብቻ ቀን አባት ሴት ልጁን ለሙሽራው ይሰጣል። ሙሽራው እጇን ይይዛል፤ ወንድሟ በእጇ የሚያስታቅፋትን የተቆላ ሩዝ እሳቱ ላይ ትጨምራለች። ማሰሪያው ሳፕታፓዲ ነው፤ ጥንዶቹ ለምግብ፣ ለብርታት፣ ለሀብት፣ ለደስታ፣ ለልጆች፣ ለወቅቶችና ለወዳጅነት ሰባት እርምጃ አብረው ይራመዳሉ። እ.ኤ.አ. በ1955 የወጣው የሕንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ በአንቀጽ 7፣ ይህ እርምጃ የሥርዓቱ አካል ከሆነ ጋብቻው የሚጸናው ሰባተኛው ሲረገጥ ነው ይላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2024፣ ሥርዓቱ ካልተፈጸመ የምዝገባ ወረቀት ብቻውን ጋብቻ አያደርገውም ሲል ወስኗል። በብዙ አካባቢ ያገባች ሴት የፀጉሯን ክፍልፋይ በቀይ ዱቄት ትቀባለች፤ በንጉሡና በደርግ ዘመን በሕንዳውያን መምህራን የተማሩ ኢትዮጵያውያን ያስታውሱት ይሆናል።

የመጨረሻው አንትዬሽቲ፣ ማለትም የቀብር ፋንታ የሆነው የሞት ሥርዓት ነው። አስከሬኑ ይቃጠላል፤ በልማድ እሳቱን የሚለኩሰው የበኩር ወንድ ልጅ ነው፤ ዛሬ ሴት ልጆችም መለኮስ ጀምረዋል። አመዱና አጥንቱ ተለቅሞ ወደ ጋንጀስ ወይም ወደ ቅርብ ወንዝ ይጨመራል፤ በሚቀጥሉት ቀናት ከሰሊጥ ጋር የተድቦለቦለ ሩዝ ለሟቹ ይቀርባል። ሕፃናት ብዙ ጊዜ አይቃጠሉም። መናኝም እንዲሁ፤ እርሱ ሲመንን የራሱን የሞት ሥርዓት በሕይወት ሳለ ፈጽሟልና። በጋንጀስ ዳር ባለችው በቅድስቲቱ ከተማ በቫራናሲ፣ ማኒካርኒካ በተባለው የአስከሬን ማቃጠያ ስፍራ እሳቱ ቀንም ሌሊትም አይጠፋም። ወንዙን ለማጽዳት እ.ኤ.አ. በ1986 የተጀመረው የመንግሥት ዕቅድ የኤሌክትሪክ ማቃጠያዎችን ቢያስፋፋም፣ ብዙ ቤተሰቦች አሁንም የሚመርጡት እንጨት ነው።