እንጀራ ሳንተው፣ በስፖርት ሳንማረር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ ባለፈው ዓመት ደም ብዛት ጀምሮሻል ተባለች። ሐኪሙ "ተንቀሳቀሺ፣ ጨውና ቅባት ቀንሺ" አላት። በማግስቱ ጂም ተመዘገበች። የሦስት ወር ከፈለች። ትሬድሚል ላይ ወጥታ ግድግዳ እያየች ሦስት ሳምንት ተራመደች። በአራተኛው ሳምንት ቀረች። "እኔ ለስፖርት አልተፈጠርኩም" አለችኝ። በዚያው ሰሞን እንጀራም ትታ ነበር። እሱንም አልቻለችም፤ በአሥረኛው ቀን ተመለሰችበት።

ይሄ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። ሰው ጀምሮ የሚያቆመው ሰነፍ ስለሆነ ይመስለናል። እኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚያስቆመው የተነገረው ነገር ስህተት መሆኑ ይመስለኛል። ከጎረቤት፣ ከቲክቶክ፣ ከጂም ጓደኛ የምንሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

"ስፖርት ካልመረረ አይሠራም"

የሌሎቹ ሁሉ ሥር ይሄ ነው። ስፖርትን ለበላነው ክትፎ የምንከፍለው ዕዳ እናደርገዋለን። ዕዳ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ወዶ የሚከፍል ሰው የለም።

ልባችን ጂም ውስጥ እንሁን ሳሎን ውስጥ አይለይም። እሱ የሚያውቀው ምቱ መጨመሩን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አንድ አዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ቢያደርግ ጥሩ ነው ይላል። ትንሹን ቁጥር ለሰባት ቀን ብናካፍለው በቀን 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ድሮ "ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ" የሚል ነገር ነበረው። አሁን ያ ቀርቷል። ሁለት ሦስት ደቂቃ ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል።

"መካከለኛ" የሚለው ግራ ካጋባችሁ ቀላል መለኪያ አለ። እየተንቀሳቀሳችሁ ማውራት ትችላላችሁ፣ መዝፈን ግን ያቅታችኋል። በቃ፣ እሱ ነው መካከለኛ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ቆላ ለኖረ ወይም ከውጭ ለመጣ ሰው ሽቅብ መራመድ ብቻውን ከበቂ በላይ ነው። መሮጥ ግዴታ አይደለም።

ታላቁ ሩጫን ያየ ሰው የምለው ይገባዋል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የጀመሩት የ10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነው። ፊት ያሉት አትሌቶች ለድል ይሮጣሉ። ከኋላ ያለው ሕዝብ ግን ይጨፍራል፣ ይዘፍናል፣ ቆሞ እስክስታ ይመታል፣ እንደገና ይሮጣል። በሌላ ቀን 10 ኪሎ ሜትር ሂድ ቢባል እምቢ የሚል ሰው በዚያ ቀን ሳይታወቀው ይጨርሰዋል።

አክስቴም መፍትሔዋን ያገኘችው በዚሁ መንገድ ነው። እሷና ሁለት ጎረቤቶቿ ሁልጊዜ ከሰዓት በኋላ ቡና ይጠጣሉ። አንድ ቀን ቡናው ሳይቆላ በፊት ሙዚቃ ከፈቱና ተነሡ። ጉራጊኛው፣ ጎንደሬው፣ ኦሮምኛው ሲቀያየር 20 ደቂቃ አለፈ። ግንባራቸው ወዛ። በማግስቱም ደገሙት። የጉራጊኛን እግር በደንብ ለአራት ደቂቃ የረገጠ ሰው ልቡ ምን ያህል እንደሚመታ ያውቃል።

ገመድ መዝለል፣ ኳስ፣ ከልጆች ጋር ሌባና ፖሊስ፣ "መንገድ ለሰው" (መንገዱ ለመኪና የሚዘጋበት ዕለት) ሲኖር እሁድ ጠዋት አስፋልት ላይ ብስክሌት፣ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ መውጣት መውረድ... የምትወዱትን ምረጡ። ነገም የምትመለሱበት እሱ ነው። ከባድ የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሰው ግን ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

"በቀን 10,000 እርምጃ ካልሞላ ዋጋ የለውም"

የዚህ ቁጥር አመጣጥ ደስ ይለኛል፤ እኛንም በጎን ይነካናል። እ.ኤ.አ. በ1964 የቶኪዮ ኦሊምፒክ ተካሄደ። አበበ ቢቂላ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው ማራቶንን ለሁለተኛ ጊዜ አሸነፈ። ከገባ በኋላም ሜዳው ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ ዓለም በመገረም አየው። ያ ኦሊምፒክ በጃፓን የስፖርት ፍቅር አቀጣጠለ። በዓመቱ አንድ የጃፓን ኩባንያ ወገብ ላይ የሚታሰር የእርምጃ መቁጠሪያ ለገበያ አወጣ። ስሙን "ማንፖኬይ" አለው፤ "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" እንደ ማለት ነው። ቁጥሩ ለአፍ የሚጥም የገበያ ስም ነበር። ያኔ ከጥናት የመጣ አልነበረም።

ጥናቱ የመጣው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 አሜሪካ ውስጥ ከ16,000 በላይ በዕድሜ የገፉ ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ታተመ። በቀን ወደ 4,400 እርምጃ የሚሄዱት 2,700 ገደማ ከሚሄዱት ይልቅ የሞት አደጋቸው በጣም ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጥቅሙ እስከ 7,500 አካባቢ እየጨመረ ሄዶ እዚያ ረጋ። እንግዲህ ስልካችሁ 5,000 ቢላችሁ አትዘኑ። ትናንት 3,000 ከነበረ ትልቅ ነገር ሠርታችኋል።

"ብዙ ካላበኝ ብዙ ስብ ቀለጠ ማለት ነው"

ጠዋት ጠዋት ወገባቸውን በላስቲክ ጠቅልለው፣ በላዩ ጃኬት ደርበው የሚሮጡ ሰዎች አያለሁ። ላብ ውሃና ጨው ነው። ሥራውም ሰውነትን ማቀዝቀዝ ነው። አንድ ሊትር ካላባችሁ ሚዛኑ አንድ ኪሎ ቀነሰ ይላችኋል። ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል። ላስቲኩ የሚጨምረው ሙቀትንና የራስ ማዞርን ነው። እባካችሁ አውልቁት።

"ቦርጭ በሲት አፕ ይጠፋል"

ሲት አፕ የሆድ ጡንቻን ያጠነክራል። ላዩ ላይ ያለውን ስብ ግን መርጦ አያቀልጥም። ሰውነት ስብ ሲያስፈልገው ከየቦታው በደም በኩል ይወስዳል፤ ከየት እንደሚጀምር እኛን አይጠይቅም። ቦርጭ የሚቀንሰው አጠቃላይ ስብ ሲቀንስ ነው። ለዚያ ደግሞ ከመቶ ሲት አፕ ይልቅ የግማሽ ሰዓት ፈጣን እርምጃ ይሻላል። ማታ ማታ ሦስት ቢራ የሚጠጣ ሰው ከቢራው ብቻ 400 ገደማ ካሎሪ እንደሚያገኝም ማወቅ አለበት።

"ሴት ክብደት ካነሳች እንደ ወንድ ትሆናለች"

ይሄ በጣም ያስቆጨኛል፤ እናቶቻችንን እየጎዳ ነውና። ትልልቅ ጡንቻ ለማውጣት ከሚረዱት ነገሮች ዋናው ቴስቶስትሮን የሚባለው ሆርሞን ነው። በሴት ሰውነት ውስጥ ያለው መጠን ከወንዱ በብዙ እጥፍ ያነሰ ነው። ዱምቤል ያነሳች ሴት ጠንካራ ትሆናለች እንጂ በአንድ ዓመት እንደ ቦዲ ቢልደር አታብጥም።

ከ30 ዓመት በኋላ ካልሠራንበት ጡንቻ በየአሥር ዓመቱ እየቀነሰ ይሄዳል። ሴት የወር አበባዋ ካቆመ በኋላ ደግሞ አጥንቷ ይሳሳል። ዕድሜያቸው የገፋ እናቶች አንዴ ወድቀው ዳሌያቸው ሲሰበር ስንቶቻችን አይተናል? ጡንቻና አጥንት ጫና ሲያገኙ ይጠነክራሉ። በሳምንት ሁለት ቀን ይበቃል። ጂም የለም? ሁለት ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሙሉት፣ ሁለት ኪሎ ሆነላችሁ። ወንበር ላይ በእጅ ሳትደገፉ አሥር ጊዜ ቁጭ ብድግ በሉ። ግድግዳ ተደግፋችሁ ፑሻፕ ሥሩ።

"እንጀራ ያወፍራል"

አክስቴን ያስተዋት ይሄ ነው። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ አብረን ምስር ወጥ ሠራን።

ሽንኩርቱ ተከተፈ፣ ድስቱ ተጣደ። አክስቴ እንደ ልማዷ የዘይቱን ጀሪካን አነሣች። "ቆይ፣ ሲኒ ላይ አድርጊውና እንለካው" አልኳት። በዓይኗ የምትገምተውን ያህል ቀዳች። በሾርባ ማንኪያ ስንለካው ዘጠኝ ማንኪያ ሆነ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ዘጠኙ ከ1,000 በላይ ማለት ነው። ወጡ ለአራት ሰው ነበር። እያንዳንዳችን ገና ምስሩንና እንጀራውን ሳንቆጥር 270 ካሎሪ ከዘይት ብቻ ልንበላ ነበር። አክስቴ ማንኪያውን አየች፣ እኔን አየች። "ይሄን ሁሉ ጊዜ እንጀራዬን ነው የጠረጠርኩት?" አለች።

ጤፍ ከማነሱ የተነሣ የፍሬውን ሽፋን ለይቶ መፍጨት አይቻልም። ከነሙሉ ፍሬው ይፈጫል፤ ስለዚህ አሰሩ አብሮት አለ። ብረትም አለው። ችግሩ ያለው መጠኑና አብሮት የሚመጣው ላይ ነው። ሁለት ሙሉ እንጀራ በትንሽ ወጥ ጠራርጎ የሚበላ ሰው አዎ፣ ይበዛበታል። አንዱን በልቶ ጎመኑን፣ ምስሩን፣ ሰላጣውን ቢያበዛ ግን ምንም አይሆንም። ከስር የራሰው እንጀራ ላይም ልብ አድርጉ፤ ዘይቱ የሚጠራቀመው እዚያ ነው።

ያን ቀን ምስሩን በአራት ማንኪያ ሠራነው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ጠብ ጠብ እያደረግን በውሃ አቁላላነው። ዘይቱ የገባው በኋላ ነው። ጣዕሙ አልጎደለም። ዘይት ስትገዙ ደግሞ የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ለልብ የማይመከረው ዓይነት ቅባት መሆኑን አስታውሱ። ካገኛችሁ የሱፍ ወይም የኑግ ይሻላል።

"በፆም ስፖርት መሥራት አይቻልም፤ ፕሮቲን የለም"

የኦርቶዶክስ ምእመን በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይፆማል። ይሄ አባባል እውነት ከሆነ የዓመቱን ግማሽ ቁጭ ልንል ነው።

ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላ፣ አተር ፕሮቲን ናቸው። 100 ግራም የተቀቀለ ምስር 9 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው፤ ከአንድ እንቁላል ይበልጣል። ጥራጥሬና ጤፍ አብረው ሲበሉ ደግሞ አንዱ የጎደለውን ሌላው ይሞላል። አያቶቻችን ሽሮን በእንጀራ ሲበሉ ሳያውቁት ትክክል ነበሩ። መክሰስ ካማራችሁ ቆሎ አለ፣ በሶ አለ።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቆይ ሰው የምመክረው ስፖርቱን ወደ ምግብ ሰዓቱ ማስጠጋት ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ቀለል ያለ እርምጃ፣ ከዚያ ውሃ፣ ከዚያ ምግብ። ከባዱን ለማታ አቆዩት። ቫይታሚን ቢ12 ግን ከአትክልት አይገኝም። በፍስኩ ወቅት እንቁላል፣ ወተት ወይም ሥጋ መብላት ያስፈልጋል። ፍስክ ጭራሽ የማይበላ ሰውና እርጉዝ ሴት የጤና ባለሙያ ማነጋገር አለባቸው።

"የፆም ምግብ በራሱ ያከሳል" የሚሉም አሉ። ሳምቡሳና ብስኩትም የፆም ናቸው።

"ጠዋት ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቃጥላል"

አያቃጥልም። ሎሚውን ግን አትጣሉት። ምስሩና ጎመኑ ላይ ጨመቅ አድርጉት። በውስጡ ያለው ቫይታሚን ሲ ሰውነት የምግቡን ብረት በደንብ እንዲወስድ ይረዳል። ቡናና ሻይ ተቃራኒውን ስለሚያደርጉ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቢቆዩ ይመረጣል።

"ጁስ ስለሆነ አይጎዳም"

ፍሬው ተፈጭቶ በብርጭቆ ሲመጣ ሦስት ማንጎ በሁለት ደቂቃ ይጠጣል። ስፕሪስ ላይ ስኳር ሲጨመር ደግሞ ሌላ ነገር ይሆናል። ፍሬውን ብሉት። ለስላሳ ላይ ብዙ አልልም፤ በአንድ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ሰባት የሻይ ማንኪያ ማለት ነው።

"ሚዛኑ ካልቀነሰ ምንም አልተለወጠም"

አክስቴ በአምስት ወር የቀነሰችው ሦስት ኪሎ ብቻ ነው። ይሄን ስትነግረኝ ፊቷ ቅር ብሎት ነበር። ግን ጡንቻ የጨመረ ሰው ሚዛኑ ብዙም ላይንቀሳቀስ ይችላል። የቀሚስ ወገብ፣ እንቅልፍ፣ የደም ግፊት መለኪያው የተሻለ ይናገራሉ። የእሷ ግፊት በመጨረሻው ምርመራ ወርዷል። መድኃኒቷን ግን ሐኪሟ ሳይላት አላቆመችም።

የምትኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው፤ ሊፍት የለውም። አምና ሁለተኛው ፎቅ ላይ ቆማ ግድግዳ ትደገፍ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከገበያ አብረን ተመለስን። አምስት ኪሎ ሽንኩርት በፌስታል ይዛለች። ልርዳሽ ብላት እምቢ አለች። ደረጃውን ጀመርን። ስለ ጎረቤት ልጅ ሠርግ እያወራችኝ ወጣች። አራተኛ ፎቅ ደርሰን ቁልፉን እየፈለገች ወሬዋ ገና ሽማግሌዎቹ የተላኩበት ላይ ነበር።