የድሮ ምንሽርና ውጅግራ በሐረር፦ ጉድለቱን ከስሙ መለየት

በሐረርና በድሬዳዋ ከአያት የወረደ ወይም አዲስ እጅ የገባ የድሮ ጠመንጃ ብዙ ጊዜ በደፈናው «ምንሽር» ይባላል። የአብዛኛው ችግር መነሻም ይኸው ስም ነው። ምንሽር ማንሊከር ከተባለው የኦስትሪያ ጠመንጃ የመጣ ቃል ሲሆን፣ ዛሬ የቤልጂጉንም የጣሊያኑንም ያቅፋል። ውጅግራ ግን የፈረንሳዩ «ፊዚ ግራ» ነው፤ ስሙ ቢለወጥም ማንነቱ አልጠፋም።

አፄ ምኒልክ በ1879 ጨለንቆ ላይ ድል አድርገው ሐረርን ሲይዙ፣ ከተማዋ ከባሕር ጠረፍ ለሚመጣ መሣሪያ ዋና መተላለፊያ ሆነች። ባለቅኔው አርቱር ራምቦ በዚያው ዓመት ከታጁራ ወደ ሸዋ የጠመንጃ ቅፍለት መርቷል፤ በኋላም በሐረር ነግዷል። በ1895 ባቡር ድሬዳዋ ደረሰ።

ስለዚህ ከጥገና በፊት ማኅተሙ ይነበባል። ኤርስታል የሚል ጽሑፍ ያለው የቤልጂግ ነው፤ ሴንት ኤትየን የሚለው የፈረንሳይ፣ ተርኒ የሚለው የጣሊያን። ጥይቱ በዚሁ ይለያል። የፈረንሳዩ ለበልና የጀርመኑ ማውዘር ሁለቱም «ስምንት ሚሊ ሜትር» ይባላሉ፤ የአንዱ ጥይት ግን ለሌላው አይሆንም። ውጅግራ 11 ሚሊ ሜትር ነው፤ የተሠራውም ለጥቁር ባሩድ ስለሆነ የዘመናዊ ባሩድ ጉልበት አይችልም።

ጠመንጃው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ከተረጋገጠ በኋላ ወደ መዝጊያው ይታለፋል። መዝጊያው አልከፈት ሲል ብዙዎች ዝገት ነው ብለው በመዶሻ ይመቱታል፤ የሚያሳዝን ልማድ ነው። ብዙ ጊዜ የያዘው ለማከማቻ የተቀባውና በዘመን ብዛት የደረቀው ወፍራም ቅባት ነው። ቅባቱ በሐረር ደጋ ይጠጥራል፣ በድሬዳዋ ፀሐይ ግን ይለሰልሳል፤ በነጭ ጋዝ ማሸትም ይበቃዋል። በመዝጊያውና በአካሉ ላይ የተቀረጹት ቁጥሮች ካልተመሳሰሉ መዝጊያው ከሌላ ጠመንጃ የመጣ ሊሆን ይችላል። በመዝጊያው ፊትና በጥይቱ ቂጥ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ቀለሃው ተለጥጦ ይቀደዳል፤ የተቃጠለው ባሩድ ጋዝም ወደ ተኳሹ ፊት ይመለሳል። ይህን በልዩ መለኪያ የሚያረጋግጠው ጠመንጃ ሠሪ ብቻ ነው።

የአፈሙዙ ውስጥ ጥቁር ሆኖ መታየቱ የድሮ ጥይት ሥራ ነው። የጥይቱ መለኮሻ እርጥበት የሚስብ ጨው ጥሎ ያልፋል፤ ጨው በዘይት አይሟሟም። በሙቅ ውሃ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ዘይት ይቀባል።

ባለቤቱ ፈቃድ ሊኖረው የግድ ነው፤ አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ይህን ያዛል።

የጣሊያኑ ካርካኖ ግን ብዙ ሰው ያታልላል። ጥይት በተከታታይ አላጎርስ ሲል «ተበላሽቷል» ይባላል። ስድስት ጥይት የሚይዘው ቀጭን የብረት መያዣው ከሌለ ግን ጥይቶቹን ደግፎ የሚይዝ የለም፤ መያዣው ደግሞ የመጨረሻው ጥይት ሲጎርስ ከሥር መሬት ላይ የሚወድቅ ዕቃ ነው።