ላይብረሪ ለአንባቢ ብቻ አይደለም

አሜሪካ፣ ሲያትል ላሉ ወገኖች «ላይብረሪ ሄዳችሁ ጠይቁ» ስል፣ ብዙዎቹ «የማንበቢያ ጊዜ የት አለኝ?» ይሉኛል። እኔ የምለው ግን መጽሐፍ ተዋሱ አይደለም። የእንግሊዝኛ ትምህርት የት እንዳለ፣ የቤት ኪራይ እርዳታ ማን እንደሚሰጥ፣ ሰፈር ውስጥ ያለው የምግብ እርዳታ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት ኢንተርኔት ላይ አብረዋችሁ የሚፈልጉ ሰዎች እዚያ አሉ። በነፃ።

«ጉግል አለልኝ አይደል?»
አለ። ለዜግነት የሚሞላውን ኤን-400 ፎርም ስትፈልጉ ግን ከላይ የሚመጣው ለማስታወቂያ የከፈለ ድርጅት ሊሆን ይችላል። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ይመስላል፤ ለፎርሙም ገንዘብ ይጠይቃል። ፎርሙ ግን በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ዌብሳይት ላይ በነፃ ይገኛል። ክፍያ ያለው ማመልከቻው ሲገባ ነው። ይህን ሳያውቅ ሁለት ጊዜ የሚከፍል ሰው ያሳዝነኛል። የላይብረሪ ሠራተኛ አድራሻው የመንግሥት ዌብሳይት ምልክት በሆነው «ዶት ገቭ» (.gov) መጨረሱን ያሳያችኋል፣ ትክክለኛውን ገጽ ከፍቶ ያትምላችኋል። የሕግ ምክር ግን አይሰጥም። «የእኔ ጉዳይ ያስኬዳል ወይ?» ካላችሁት ነፃ የሕግ እርዳታ የሚሰጡትን ፈልጎ ይጠቁማችኋል።

«እንግሊዝኛዬ አያወላዳም»
«አማርኛ» በሏቸው። በስልክ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል። ልጅን ከትምህርት ቤት አስቀርቶ ማስተርጎም አያስፈልግም፤ በተለይ ጉዳዩ የቤተሰብ ምስጢር ከሆነ።

«ካርድ የለኝም»
ለመግባት፣ ለመጠየቅም ሆነ ዋይፋይ ለመጠቀም ካርድ አያስፈልግም።

«የድሮ ቅጣት አለብኝ»
የሲያትል ላይብረሪ መጽሐፍ ዘግይቶ በመመለስ የሚከፈለውን የቀን ቅጣት በ2020 መጀመሪያ አስቀርቷል፤ የቆየውንም ሰርዟል። የጠፋ መጽሐፍ ዋጋ ግን ይከፈላል።

«የፈለግኩትን ሁሉ ይመዘግቡብኛል»
ይህ ፍርሃት ከየት እንደመጣ ይገባኛል፤ ብዙዎቻችን መዝገብ የሚያስፈራበት አገር ነው ያደግነው። ሲያትል ባለችበት በዋሽንግተን ስቴት ሕግ ግን ማን ምን እንደተዋሰ ወይም እንደጠየቀ የሚያሳይ የላይብረሪ መዝገብ ለጠየቀ ሁሉ የሚሰጥ አይደለም። እናንተም በጋራ ኮምፒውተር ከተጠቀማችሁ በኋላ ከኢሜይላችሁ ውጡ፤ ያወረዳችሁትን ሰነድ አጥፉ።

ሥራ አላስወጣ ያላችሁ ደግሞ 211 ደውሉ። ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ ለዚሁ ዓይነት የአካባቢ አገልግሎት ጥያቄ የተመደበ አጭር ቁጥር ነው፤ እዚያም አስተርጓሚ መጠየቅ ትችላላችሁ።