ፕላንቴን ምንድን ነው? ከሙዝ በምን ይለያል፣ እቤትስ እንዴት ይሰራል?

እዚህ አሜሪካ የላቲኖ ወይም የምዕራብ አፍሪካ ግሮሰሪ የገባ ሰው ሳያየው አይቀርም፣ ሙዝ የሚመስል ግን ከሙዝ ረዘምና ወፈር ያለ፣ ልጣጩ ጠንከር ብሎ ጎኑ ላይ ጠርዝ ጠርዝ ያለው ነገር። እኔ ያልደረሰ ሙዝ መስሎኝ 4 ፍሬ ገዝቼ ገባሁ፣ እንደ ሙዝ ጫፉን ይዤ ልልጠው ስል አልላጥ አለኝ፣ በግድ ከፍቼ ስቀምሰው ደሞ ጥሬ ድንች የነከስኩ ነው የመሰለኝ፣ አፌን አድርቆ ያዘኝ። ያቺ አንዷ ተጣለች። የቀሩት 3ቱ ናቸው ያስተማሩኝ።

ፕላንቴን ሙዝ ነው፣ ግን እሳት የሚፈልግ ሙዝ። በኛ ቋንቋ "በሰለ" ስንል ዛፍ ላይ የበሰለውንም ምድጃ ላይ የበሰለውንም ነው አይደል፣ ፕላንቴን ላይ ሁለቱን መለየት ግድ ይላል። የምናውቀው ሙዝ አንዴ ከበሰለ በቃ ልጦ መብላት ነው፣ ፕላንቴን ግን በስሎም ይበስላል፣ ሳይበስልም ይበስላል፣ ማለቴ አረንጓዴውም ቢጫውም ጥቁሩም መጥበሻ ወይም ድስት ውስጥ ይገባል። በጣም የጠቆረውን ጥሬውን የሚበሉ አሉ፣ እኔ ግን ጠብሼው ነው የምወደው።

ዘሩን ካየን ሙሳ አኩሚናታ እና ሙሳ ባልቢሲያና የሚባሉ የሁለት የዱር ሙዞች ዲቃላ ነው፣ ሱቅ የምናገኘው ጣፋጩ ካቨንዲሽ ሙዝ ደሞ ከአኩሚናታ ብቻ የመጣ ነው። መነሻቸው እስያ ቢሆንም ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ውስጥ ፕላንቴን ከድሮ ጀምሮ የየቀን ምግብ ነው። የኛ እንሰትም እዚሁ ቤተሰብ ውስጥ ነው ያለው፣ የሱ ግን የሚበላው ፍሬው አይደለም፣ ግንዱና ስሩ ነው። የእንሰት ስር ቅቅል፣ አሚቾ የሚባለውን የበላ ሰው አረንጓዴ ፕላንቴን ተቀቅሎ ሲቀርብለት ብዙ እንግዳ የሚሆንበት አይመስለኝም። ብዙ ሰው ከኡጋንዳው ማቶኬ ጋርም ያምታታዋል፣ ማቶኬ የምስራቅ አፍሪካ ደጋ ሙዝ የሚባለው ሌላ ዘር ነው።

ዋናው ነገር ቀለሙ ነው። አረንጓዴ ሲሆን ውስጡ ስታርች ነው፣ ስለዚህ እንደ ድንች አስቡት፣ ስኳር ብሎ ነገር የለውም ማለት ይቻላል። ቤት ሲቀመጥ ስታርቹ ቀስ በቀስ ወደ ስኳር ይቀየራል፣ ቢጫ ሲሆን መሃል ላይ ነው፣ ልጣጩ ሲጠቁር ጣፋጭና ለስላሳ ይሆናል። የኔዎቹ 2ቱ ጠቁረው ሳይ ተበላሹ ብዬ ልጥላቸው ነበር፣ የኤልሳልቫዶር ተወላጅ የሆነች ጎረቤቴ ናት እንዴ ምን ነካሽ አሁን እኮ ነው የደረሱት ያለችኝ። ሻጋታ ካላወጣ ወይም ካልሸተተ ጥቁር መሆኑ ብልሽት አይደለም፣ እባካችሁ አትጣሉት። ቶሎ እንዲደርስ ከፈለጋችሁ የወረቀት ከረጢት ውስጥ አድርጉት፣ ፍሪጅ ውስጥ ከገባ ግን መብሰሉ ይቆማል።

አሁን አረንጓዴው። ሁለቱን ጫፍ በቢላ ቁረጡ፣ ከዛ ጠርዙን ተከትላችሁ ልጣጩን ብቻ ከላይ እስከ ታች ሰንጥቁት፣ አውራ ጣት አስገብታችሁ ወደ ጎን ፈልቅቁት። ወደ ታች እንደ ሙዝ ከጎተታችሁት ይሰባበራል። የሚያወጣው ፈሳሽ እጅንም ልብስንም ያጠቁራል፣ እኔ ጣቶቼ ላይ 2 ቀን ቆይቶብኛል፣ እጅ ላይ ዘይት መቀባት ወይም ውሃ ውስጥ ሆኖ መላጥ ይሻላል።

ከዛ 2 ሳንቲ ሜትር በሚሆን ውፍረት ቆራርጣችሁ መካከለኛ እሳት ላይ በዘይት እያገላበጣችሁ በየጎኑ 3 ደቂቃ ያህል ጠብሱት፣ ቡኒ ሳይሆን ቢጫ ሲል አውጡት። ትኩሱን ብርጭቆ ቂጥ ስር አድርጋችሁ ጫን በሉት፣ ጠፍጣፋ ይሆናል፣ ከቀዘቀዘ ግን ይሰነጣጠቃል። እንደገና ዘይት ውስጥ መልሱት፣ ጠርዙ ቀልቶ ሹካ ሲነካው ከሽ ከሽ ሲል ይበቃዋል፣ ወዲያው ጨው ነስንሱበት። ይሄ ቶስቶኔስ ይባላል፣ ኮሎምቢያና ፓናማ ላይ ፓታኮን ይሉታል። እኔ ሚጥሚጣ ነስንሼ በላሁት፣ ጾም ላይ በጣም ይመቻል፣ ትኩሱን ግን ብሉት፣ ሲቀዘቅዝ ይደርቃል።

ጥቁሩ ይቀላል። በእጅም ይላጣል፣ ሰያፍ ቆርጣችሁ ትንሽ ዘይት ላይ በዝግታ ነው የሚጠበሰው፣ ስኳሩ ስለበዛ እሳት ከበረታ ውስጡ ሳይሞቅ ላዩ ያርራል፣ ስለዚህ ከመጥበሻው አጠገብ ዞር አትበሉ። ጎረቤቴ ቁርስ ላይ ከባቄላና ከክሬም ጋር ነው የምታቀርበው። ናይጄሪያውያን ዶዶ፣ አይቮሪኮስቶች አሎኮ ይሉታል፣ የጋናው ኬሌዌሌ ደሞ ዝንጅብልና በርበሬ ተለውሶ የሚጠበሰው ነው፣ ለኛ አፍ የሚቀርበው እሱ ይመስለኛል።

መጥበስ ለማትፈልጉ አረንጓዴውን ከነልጣጩ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቀቅሉት፣ ዶሚኒካኖች ቀቅለው ደፍጥጠው ከሽንኩርት ጋር ማንጉ ብለው ቁርስ ይበሉታል። ፖርቶሪኮዎች ደግሞ ጠብሰው ከነጭ ሽንኩርት ጋር በሙቀጫ ይወቅጡታል፣ ሞፎንጎ ነው የሚሉት። ሙቀጫ ያላችሁ እሱን ሞክሩ፣ እኔም የሚቀጥለው ሳምንት ላይ ነኝ፣ 2 አረንጓዴ ገዝቼ አስቀምጫለሁ፣ ቢጫ ሳይሉ መድረስ አለብኝ።