የአፍንጫ አለርጂና መልእክት አቀባይ ኢንዛይሞች፤ ከጣና ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ውስጥ ጠዋት ጠዋት የሚያስነጥስ ሰው “ሳይነስ አለብኝ” ይላል። እናቱ “ብርድ ነው፣ ልበስ” ትለዋለች። ብዙ ጊዜ ግን ነገሩ የአፍንጫ አለርጂ ነው። ትኩሳት የለውም። አፍንጫና ዓይን ያሳክካል፤ ንፍጡ እንደ ውሃ ይወርዳል።

መነሻው እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ነው። ከጣና በስተምሥራቅ ፎገራ ሜዳ ላይ ሩዝ ሲወቃ፣ በላይዳ ወደ ላይ የተወረወረው እህል ይወርዳል፣ እብቁ ይበናል። ወቂው አፍንጫውን በነጠላ ቢሸፍንም ማታ ሲያስነጥስ ያመሻል። ከተማ ውስጥ ፍራሽና ትራስ ውስጥ የሚኖሩ፣ እርጥበት የሚወዱ፣ በዓይን የማይታዩ ተባዮች አሉ። አደይ አበባችን ግን በከንቱ ትታማለች። የሷን ብናኝ በዋናነት የሚያጓጉዘው ንብ ነው፤ ነፋስ የሚሸከመው የሣሩን ነው።

“አለርጂ” የሚለውን ቃል እ.ኤ.አ. በ1906 ያወጣው የቪየናው ሐኪም ፒርኬ ነው። አለርጂን የሚቀሰቅሰው አይጂኢ የተባለው አንቲቦዲ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን፣ የተገኘው ከ60 ዓመት በኋላ ነው። ጃፓናውያኑ ባልና ሚስት ኢሺዛካዎችና የስዊድን ተመራማሪዎች በየፊናቸው ደረሱበት።

ዋናው ጨዋታ ያለው ማስት ሴል ውስጥ ነው። ይህ የሰውነት መከላከያ ሴል በአፍንጫ ልባስ ውስጥ ይቀመጣል። ሆዱ ሂስታሚን የተባለውን የሚያሳክክና የሚያስነጥስ ኬሚካል በያዙ ከረጢቶች የተሞላ ነው። ላዩ ላይ አይጂኢ ተተክሎ ይጠብቃል። የሣሩ ብናኝ ፕሮቲን መጥቶ አይጂኢዎቹን እርስ በርስ ሲያያይዛቸው የተሸከሟቸው ተቀባዮች ይጠጋጋሉ። ይኼኔ ሊን የተባለው ኢንዛይም፣ ማለትም ኬሚካላዊ ሥራ የሚያፋጥን ፕሮቲን፣ በተቀባዩ ጭራ ላይ ፎስፌት የተባለ ትንሽ ኬሚካላዊ ምልክት ይለጥፋል። ፎስፌቱ ላይ ሲክ የተባለው ሌላ ኢንዛይም መጥቶ ይያዛል። ሁለቱም የካይኔዝ ወገን ናቸው። ሥራቸው የሴሉ ጉልበት ተሸካሚ ከሆነው ከኤቲፒ ፎስፌት አንስቶ ሌላ ፕሮቲን ላይ መለጠፍ ነው፤ በሴል ቋንቋ “ተነስ” እንደ ማለት። ሲክ ያስነሳው መንገድ ፎስፎላይፔዝ ሲ ጋማ ጋ ይደርሳል። እሱ ከሴሉ ሽፋን አንዱን የስብ ዓይነት ለሁለት ይቆርጣል። አንዱ ቁራጭ ካልሲየም ያስለቅቃል፤ ሌላው ፕሮቲን ካይኔዝ ሲን ይቀሰቅሳል። ከረጢቶቹ ሂስታሚናቸውን ይደፋሉ፤ ሂስታሚኑ ነርቭ ይነካል። ሰውየው አስነጥሶ “ይማርህ” ሲባል ሰንሰለቱ ሥራውን ጨርሷል።

ከሰዓታት በኋላ አፍንጫ የሚደፈነው በከፊል በሌሎች ኢንዛይሞች ምክንያት ነው። ፎስፎላይፔዝ ኤ2 ከሽፋኑ ስብ ያወጣውን ጥሬ ዕቃ 5-ላይፖክሲጂኔዝ አፍንጫን ወደሚያሳብጠው ሉኮትራይን ይለውጠዋል። ጃክ የሚባሉት ካይኔዞች ደግሞ የአይጂኢ ምርት እንዲቀጥል ያደርጋሉ።

ከፋርማሲ የሚገዙት ሎራታዲንና ሴትሪዚን የሚዘጉት የመጨረሻውን በር፣ የሂስታሚንን፣ ብቻ ነው። ለተደፈነ አፍንጫ የስቴሮይድ ስፕሬይ ይሻላል። ሲክን ራሱን በአፍንጫ ስፕሬይ የማስቆም ሙከራ ነበር፤ ፋርማሲ ግን አልደረሰም። ዳማከሴያችን ለአለርጂም ይሆናል የሚሉ አሉ። ሽታው መቼም ደስ ይላል።

ቡና ሲፈላ በዕጣኑ ጭስ የሚያስነጥስ ሰው ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ጭሱ ነርቩን በቀጥታ ይቆረቁራል፤ አይጂኢም ሲክም አያስፈልገውም። ለሱ መስኮት መክፈት ይበቃል።